መስታወቱ ላይ የተቃጠለችው መኪና

አብዲቃድር ሃያ ሁለት ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። ከሐረር ቡና፣ ከጅጅጋ ቆዳ፣ ከአዋሽ ሽንኩርት ሲያመላልስ ኖሮ፣ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ መኪናው ፈንጂ ላይ ወጣችና ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። ያን ቀን ረዳቱ የነበረው ተማም ነው ከሚነድደው ጋቢና ጎትቶ ያወጣው። ጎትቶ አውጥቶም አልተወውም፤ በጀርባው አዝሎ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጉዞ ወታደሮች ሰፈር አደረሰው። እንዲህ ያለውን ውለታ ሰው በምን ይከፍላል? አብዲቃድርም መክፈያው ጠፍቶት ኖሯል።

እግር ያጣ ሾፌር ሌላውን ያሰማራ ተባለና ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለው የእርዳታ እህል ማጓጓዣ ቢሮ የስምሪት ወንበር ተሰጠው። የእንጨት እግሩን ጠረጴዛ ስር ዘርግቶ ይቀመጥና፣ በባቡር የመጣውን ስንዴ በየመኪናው እየደለደለ ወደ ሐርተሼክ የስደተኞች ሰፈር ይልካል። ተማምም ከረዳትነት አድጎ የራሱን መሪ ጨብጦ ነበርና፣ ከሚልካቸው ሾፌሮች አንዱ እሱ ሆነ።

በ1981 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ ፈረንጅ አማካሪ ለቢሮው ኮምፒዩተር አመጣ። ሥራውን ሊያለማምዳቸው አንድ ወር ተቀምጦ፣ አንድ ጨዋታ ውስጡ ትቶላቸው ሄደ። ጸሐፊዋ የኔነሽ ዕቃውን ከሩቁ እያየች አማተበች እንጂ አልነካችውም። አብዲቃድር ግን በሁለት ጣቱ እየነካካ ለመደው፤ ለመደው ብቻ ሳይሆን ተለከፈበት ማለት ይቀላል። በኮምፒዩተሩ አረንጓዴ መስታወት ላይ ከተሞች አሉ፣ በከተሞቹ መካከል መንገድ አለ፣ በመንገዱ ላይ ጭነት ይዘው የሚሳቡ ነጥቦች አሉ። ነጥቦቹ መኪናዎች ናቸው። ወዴት እንደሚሄዱ አንዴ ካዘዝካቸው በራሳቸው ይመላለሳሉ፤ ሲያረጁ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ያኔ ጋራዥ ካልጠራሃቸው ይቃጠላሉ። ጨዋታው ለከተሞቹም ለመኪናዎቹም ስም እንድታወጣ ይፈቅዳል። አብዲቃድር በላቲን ፊደል ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ባቢሌ፣ ጅጅጋ፣ ሐርተሼክ ብሎ ጻፈ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ያለ እግር፣ እንደገና የደንገጎን አቀበት ወጣ።

ለመኪናዎቹ ያወጣው ስም ነው ጉድ ያመጣው። ድሬዳዋ ውስጥ መኪና በታርጋ አይጠራም፤ በሾፌሩ ነው የሚጠራው። «ሽሬ ገባ?» «ተማም ደንገጎን ወጣ?» ነው የሚባለው። እሱም አስቦበት ሳይሆን እንደ ልማዱ በሾፌሮቹ ስም አንዱን ነጥብ ሽሬ፣ አንዱን ተማም አለው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሰውን ለገመድ ያበቃል ብሎ ማን ያስባል?

በታኅሣሥ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። እያንዳንዱ መኪና በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመላለስ፤ መኪና ያቆመ በኢኮኖሚ አሻጥረኛነት ይጠየቃል የሚል። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል፤ የገባበትን ግቢ ስም ግን የሚጠራ አልነበረም። አብዲቃድር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

ሰኞ ማለዳ ተማም በመስኮቱ ብቅ አለ። ረዳቱ ታሞበት ብቻውን ነበር።

«አብዲ፣ ከኋላዋ የሚንኳኳ ነገር አለ። አንድ ቀን ጋራዥ ትዋል።»

«ካለፈው ሳምንት የቀረችውን ይቺን ሦስተኛዋን ብቻ ድረስና ተመለስ። ወላሂ፣ ከዚያ ሳምንት ሙሉ ትዋልልህ።»

«ከሁለተኛዋም በአላህ ፈቃድ ነው የተመለሰችው።»

«አቦ ተማም! እኔን አታሳስረኝ እንጂ!»

ተማም አንድ አፍታ አየው። ከዚያ የጭነት ወረቀቱን ተቀብሎ ሄደ። አብዲቃድር የሞተሩ ድምፅ እስኪርቅ ድረስ ቀና ብሎ አላየም።

ከሰዓት በኋላ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል ጨዋታውን ከፈተ። ተማም ያለው ነጥብ ከጅጅጋ አልፎ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል። ትደርሳለች ብሎ ተዋት፤ አልደረሰችም። ነጥቡ ጠፍቶ በቦታው መስቀል መጣ።

«ያ አላህ! ተማም ተቃጠለብኝ! ሐርተሼክ ሳይደርስ ተቃጠለ!» ብሎ ጠረጴዛውን በጥፊ መታ። የኔነሽ ከታይፕዋ ቀና ብላ ሳቀችበት።

ማክሰኞ ከሐርተሼክ በሬዲዮ ወሬ መጣ፤ ተማም አልገባም። ረቡዕም አልገባም። ጅጅጋ ኬላ ፈርሞ አልፏል፣ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ከሐርተሼክ ማዶ ደግሞ የሶማሊያ ድንበር ነው። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ የአብዲቃድር ሚስት ዳሃቦ፣ መጋላ ሰፈር ባለው ቤታቸው ሩዝ አቅርባለት ሳይነካው አፈጠጠበት።

«ዋሪያ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«ሆዴን ነው» አላት። ውሸቱን አልነበረም፤ ፍርሃቱ ሆዱ ውስጥ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጓድ ካሣ መጣ። የደህንነት ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ጸጉሩን በውኃ የሚያስተኛ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። የሚጮኽ ሰው ይሻላል፤ ቢያንስ መቼ እንደሚመታህ ታውቃለህ። አጃቢውን በር ላይ አቁሞ መጀመሪያ የኔነሽን ለብቻዋ አነጋገራት። ከዚያ አብዲቃድር ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የኔነሽ ጥግ ቆማ ታለቅሳለች። ነገር ልታመጣበት አልነበረም፤ የሰማሽውን ሁሉ ተናገሪ ሲላት የሰማችውን ተናገረች እንጂ።

«ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ‹ተማም ተቃጠለ› ብለህ ጮኸሃል» አለ ካሣ። «ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተማም ከጅጅጋ ወጥቶ ጠፋ። አንተ ድሬዳዋ ተቀምጠህ እንዴት አወቅህ?»

አብዲቃድር በጣቱ ወደ ኮምፒዩተሩ ጠቆመ። «ጨዋታ ነው፣ ጓድ።»

«በሕዝብ ስንዴ?»

«በስንዴው አይደለም። በነጥብ ነው።»

ካሣ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። ዕቃውን ከላይ እስከ ታች መረመረው፤ ከኋላው የወጣውን ገመድ በጣቱ ተከትሎ ግድግዳው ድረስ ሄደ። «በዚህ ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?»

ሬዲዮ መስሎታል። አብዲቃድር ሊስቅ አይችል፣ ሊያለቅስ አይችል። ያኔ የእንጨት እግሩ በራሱ ጊዜ ወለሉን መምታት ጀመረ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በእጁ ቢጫነውም አልቆም አለ።

ካሣ አንድ ወረቀት ገፋለት። ተማም ድንበር ሊሻገር መሆኑን አስቀድሞ ነግሮኛል ይላል። «ፈርም፤ ቤትህ ትገባለህ። ካልፈረምክ ሁለታችሁም አንድ ናችሁ።»

በጀርባው ያዘለውን ሰው ሊሸጥ ነው። ብዕሩን አየው። እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ እጁ ወደ ብዕሩ ሄዷል፤ ከዚያ ግን ተመለሰ።

«ጓድ፣ ላሳይህ» አለ። «መኪናው ካረጀ በራሱ ይቃጠላል። እኔ አላቃጥለውም። የአንድ ሰው ስም ልስጠውና እይ።»

ካሣ ትንሽ አሰበ። «በእኔ ስም አድርገው።»

«በሌላ ይሁን፣ ጓድ። በእኔ ይሁን።»

«በእኔ አልኩህ። ካዘዝከው በኋላ እጅህን ራስህ ላይ አድርግ። ነክተህ እንዳታቃጥለኝ።»

አብዲቃድር ከተማም እኩል ያረጀውን ነጥብ መርጦ ካሣ ብሎ ጻፈበት፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ አረመው። ሦስት ጊዜ ሐርተሼክ አድርሶ እንዲመለስ አዘዘውና እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ነጥቡ ከድሬዳዋ ወጣ።

ሦስቱንም ጉዞ በሰላም ቢጨርስ ውሸታም ሊባል ነው። ቢቃጠል ደግሞ የደህንነት ሰው በምስክር ፊት ሊያቃጥል ነው። ከሁለቱ የትኛውን ይለምን? ነጥቡ ደንገጎን ወጣ፣ ሐረርን አለፈ፣ ሐርተሼክ ሲደርስ ማሽኑ ጢጥ አለ። ካሣ ደንገጥ ብሎ «ምንድን ነው?» አለ።

«ደርሷል፣ ጓድ።»

«እ» አለ ካሣ፤ ወንበሩንም ጠጋ አደረገ።

ሁለተኛውም ጢጥ አለ። ይሄኔ በር ላይ የቆመው አጃቢ ሳይታወቀው ሦስት እርምጃ ገብቷል። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእንጨቱ እግር ብቻ ነው። በሦስተኛው ጉዞ ነጥቡ የካራማራን ተራራ ወጣ፣ ጅጅጋን አለፈ፣ ሜዳው ላይም ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

«ምን ሆነ?» አለ ካሣ።

«ደክሟል። ትንሽ ቆይቶ ይቃጠላል።»

«ማን?»

«አንተ... ማለቴ መኪናዋ፣ ጓድ። ይቅርታ።»

የካሣ ስም መስታወቱ ላይ ይበራል፣ ይጠፋል። ፊቱ አመድ መሰለ። ይህ ሰው ስንቱን ቤተሰብ እንቅልፍ የነሳ ሰው ነው፤ አሁን ግን አረንጓዴ ነጥብ እያየ ምራቁን ይውጣል።

«የሚድንበት መንገድ የለውም?»

«ጋራዥ ከጠራሁት ይድናል።»

«ጥራዋ!»

«እጄን ላውርድ?»

«አውርድ አልኩህ! ቶሎ በል!»

አብዲቃድር ተንደርድሮ ቁልፎቹን ነካ። ነጥቡ ዞረ፤ ብልጭ ድርግም እያለ ወደ ጅጅጋ ተሳበ፤ ገባና ብልጭታው ቆመ። አራቱም ሰዎች አንድ ላይ ተነፈሱ። ካሣ መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። ሲናገር ድምፁ ያው የቀድሞው ዝግ ያለ ድምፅ ነበር።

«ተማምንስ ለምን አልጠራኸውም?»

ስለ ነጥቡ ነበር የጠየቀው። አብዲቃድር የሰማው ግን ሌላ ተማም ነው፤ ሰኞ ማለዳ መስኮቱ ላይ የቆመውን፣ ይንኳኳል ያለውን። እስከዚያች ሰዓት ካሣን ሲፈራ ቆይቶ፣ አሁን ከካሣ የባሰ ፍርሃት ያዘው። አራት ቀን ሙሉ ስለ ራሱ እንጂ ስለ ተማም አልፈራም ነበር። አፈረ፤ እንዲህ ያፈረበት ቀን አያስታውስም።

«ነግሮኝ ነበር» አለ። «ከኋላዋ ይንኳኳል ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ የላክሁት። አሻጥረኛ እንዳትሉኝ ፈርቼ ያረጀች መኪና አስይዤ ላክሁት። ድንበር አልተሻገረም፣ ጓድ። ከጅጅጋ ወዲያ መንገዱ ሜዳው ላይ ብዙ ቦታ ይበተናል፤ ከአንዱ ላይ ተሰብሮ ቆሟል። ወይ ደግሞ ሞቷል። ፈልጉት። እኔን የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

ወረቀቱን ሳይፈርም መልሶ ገፋው። የኔነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሰውየው በገዛ አፉ ራሱን አሰረ ብላ ነበር።

ካሣ ወረቀቱን አየ፤ መስታወቱን አየ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ጅጅጋን ጠራና ሜዳው እንዲታሰስ አዘዘ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ተመለሰ፤ አጃቢው እስኪወጣ ጠብቆ ወደ አብዲቃድር ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ያችን ነገር ጋራዡ ውስጥ እንዳለች ተዋት። እንዳታወጣት።»

«አላወጣትም፣ ጓድ» አለ አብዲቃድር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተማም በሌላ መኪና ባዶ ጆንያዎች ላይ ተቀምጦ ድሬዳዋ ገባ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። ጭነቱን የሚሸከመው የኋላው ባሌስትራ ተሰብሮ ሜዳው መሃል አራት ሌሊት አድሯል። ግመል ጠባቂዎች ወተት ባይሰጡት ኖሮ አይተርፍም ነበር። የስደተኞቹ ሰፈር በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ሆኖ ሳለ ለምን እንዳልሄደ ሲጠይቁት፣ አንድ ኩንታል ቢጎድል ሌባ ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ አለ። እሱም ፈርቶ ነበር ለካ።

ስምሪት ክፍል ሲገባ አብዲቃድር ከሐሙስ ጀምሮ ሲያጠናው የሰነበተውን ቃል ሁሉ አጣው። ተማም ወንበር ስቦ ፊቱ ተቀመጠ።

«ነግሬህ ነበር፣ አብዲ።»

«ነግረኸኝ ነበር» አለ አብዲቃድር። ጠረጴዛው ስር የእንጨት እግሩ እንደገና ወለሉን መምታት ጀመረ። በሁለት እጁ ቢይዘውም አልቆም አለው። ዕንባው መጣ።

ተማም ድምፁን ሰምቶ ወደ ታች አየ። እጁን በጠረጴዛው ስር ዘረጋና የአብዲቃድርን ጉልበት ጨበጥ አድርጎ ያዘለት። መንኳኳቱ ቆመ።

«ይሄም ይንኳኳል» አለው። «ዛሬ ሁለታችንም ጋራዥ እንዋል።»