የእሁድ ምሳ ምስጋና

የብራንስተን ሴቶች ሲግሪድ ቶልፍሰን ሰው አትወድም ይላሉ። ኤዲያ! ሰውማ ትወዳለች፤ የማትወደው እነሱን ነው፣ አይፈረድባትም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከከተማዋ ዳር ባለው እርሻዋ ላይ ብቻዋን ትኖራለች፤ ዶሮ ታረባለች፣ ድንች ትተክላለች፣ የስንዴ ማሳዋን ጎረቤቷ በእኩል ያርስላታል። በካናዳ፣ በሳስካችዋን ሜዳ ላይ እንዲህ የሚኖር ሰው ሞልቷል። እሷን ከሌላው የሚለያት ነገር ቢኖር የሚያስጠላትን ነገር ያስጠላል ማለቷ ነው፤ ያውም ፊት ለፊት።

የሚያስጠላት ነገር የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ተከፈተና ከእንግሊዝ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከኒውዚላንድ ገና ጢማቸው በወጉ ያልበቀለ ልጆች በመርከብና በባቡር ተጭነው መጡ። አብዛኞቹ መኪና እንኳ ነድተው አያውቁም። ቢጫ በተቀቡ የመለማመጃ አውሮፕላኖች ከጧት እስከ ማታ ሰማዩን ሲያምሱት ይውላሉ። አንዳንዱ ሲያርፍ ይገለበጣል፣ አንዳንዱ ደመና ውስጥ ገብቶ መውጫው ይጠፋዋል። ሥራው ራሱ የሞት ሥራ ነው፤ ሲግሪድ በዚህ ማንንም አልተቀየመችም። የተቀየመችው ምሳውን ነው።

እሁድ እሁድ የከተማዋ ሴቶች ልጆቹን ምሳ ይጋብዛሉ። እናቱ ባሕር ማዶ ያለች ልጅ ትኩስ ምግብ ቢበላ ማን ይጠላል? ግን ውሎ አድሮ የምሳ ምስጋና የሚሉት ነገር መጣ። ልጁ በሳምንቱ ውስጥ ብቻውን እንዲበር ሲላክ ከመንገዱ ወጣ ይልና፣ የጋበዘችው ሴት ቤት ላይ ዝቅ ብሎ፣ ጣሪያውን ለመላስ ምንም ሳይቀረው፣ እያጓራ ያልፋል። ሴትዮዋም የበረንዳዋ ክዳን ላይ ወጥታ ነጭ የገበታ ልብስ ታውለበልብለታለች። በማሠልጠኛው ክልክል ነው። ይሁን እንጂ በብራንስተን ከዚህ የሚበልጥ ክብር አልነበረም። ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ቆመው ይፎካከሩበታል፤ የአንዷ ጢስ ማውጫ ጥላሸቱን ድስቷ ውስጥ አራግፎታል፣ የሌላዋ ዶሮዎች ከድንጋጤ ብዛት እንቁላል መጣል ትተዋል። ያልታለፈባት ሴት አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ ትገባለች። ምሳዋ አልጣፈጠም ማለት ነዋ!

የዚህ ሁሉ ቁንጮ የሲግሪድ ባል እህት ቬልማ ነበረች። ቤቷ ከሲግሪድ ማሳ ጋር በአጥር ይዋሰናል። ቬልማ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር። እጇ የተፈታ፣ ሳቂታ፣ ጥብሷ ምራቅ የሚያስውጥ ሴት ናት። በበረዶው ወራት አንድ ልጅ እንዲሁ ላመስግን ሲል ከስልክ እንጨት ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ከቬልማ በላይ ያለቀሰ አልነበረም። ለቀብሩም ፓይ የሚሉትን ጣፋጭ ጋገረች። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ የሟቹን ጓደኞች ጠርታ ሳህናቸውን እየሞላች፣ በእኛ በኩልስ የምታልፉት መቼ ነው ስትል ጠየቀቻቸው። ሲግሪድ ይህን በጆሮዋ ስትሰማ ሹካዋን አስቀምጣ ተነሳች። ከዚያ ወዲያ የቬልማን ገበታ እርም አለች።

እርሟን ያስበላት ኔቪል ነው። የበግ አርቢዎች ልጅ ነው፣ ከኒውዚላንድ የመጣ፤ ረጅም፣ ቀጫጫ፣ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል። አንድ ቀን እንቁላል ሊገዛ መጣ፣ የውሃ መሳቢያዋ ሲያቃስት ሰማ፣ ኮቱን አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለና ሥራውን ጀመረ። ከዚያ በኋላ ዕረፍት ባገኘ ቁጥር ይመጣል። ብላ ስትለው ቀድሞ ሥራ ይጠይቃል፤ ዶሮዎቹን በስም ያውቃቸዋል። እማማ ሲግሪድ ይላታል። ልጅ ወልዳ የማታውቀው ሴት ሳታስበው ልቧ ተንጠለጠለበት፤ አውሮፕላን በሰማች ቁጥር የያዘችውን ጥላ ወደ ላይ ማየት ጀመረች። እንዲህ ያለው ነገር አይበጀኝም ስትል ቆይታ አንድ ቀን ያዘችው።

"አንድ ነገር ማልልኝ። ማንም ቤት ላይ ዝቅ ብለህ አታልፍም።"

"እማማ ሲግሪድ፣ እኔ እኮ ፈሪ ነኝ። አይስጉ" አለና ሳቀ።

"ሳቁን ተወውና ማል።"

"እሺ፣ በእናቴ ይሁንብኝ" አላት።

እሷም አመነችው። የሆዷን ፍርሃት ትታ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ተኛች።

ቬልማ ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ አጥር ጥግ ድረስ እየመጣ የእሷን ደጃፍ አለመርገጡን ስትሰማ እንዴት ዝም ትላለች? ጠራችው። ኔቪል ዓይን አፋር ስለሆነ ሲግሪድ አብራው እንድትሄድ ለመናት። ስለ እሱ ስትል እርሟን ጥሳ ሄደች። ጥብሱ ቀረበ፣ መረቁ ፈሰሰ፣ ልጆቹ ሸሚዛቸው እስኪወጠር በሉ። ቬልማ ጭልፋዋን እንደያዘች ወንበር ለወንበር ዞረች፤ ይሄኛው ባለፈው ሳምንት መስኮቴን ሊያረግፈው ነበር፣ ያኛው የልብስ ማስጫዬን በጠሰብኝ እያለች ሁሉንም አሞገሰች። ኔቪል ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

"ይሄ ልጅ ግን በጎቹን መስሎ ቀርቷል፤ አንገት ደፍቶ መጋጥ ብቻ!"

ገበታው በሳቅ ፈረሰ። አንደኛው ጓደኛው እንደ በግ ጮኸ። የኔቪል ጆሮ ቀላ።

"ተይው ልጁን፣ ቬልማ" አለች ሲግሪድ።

"አንቺ ደግሞ ምኑ ነሽ? እናቱ ነሽ?"

እናቱ አይደለችም። ሲግሪድ ሳህኗን ገፋ አደረገች። ሲመለሱ መንገድ ላይ መሐላውን አስታወሰችው። አልረሳሁትም አላት፣ ግን አላያትም።

በዚያው ሳምንት አንድ ጧት ሲግሪድ ድንች በመንሽ ስታወጣ ሞተር ሰማች። ቬልማም ሰማች፤ ከመቼው ጣሪያው ላይ እንደወጣች እንጃ፣ የገበታ ልብሷን ዘርግታ ቆማለች። ቢጫው አውሮፕላን በቤቱና በዛፎቹ መካከል፣ እስከዚያ ቀን ማንም ባልደፈረው ዝቅታ አለፈ። ቬልማ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ቀወጠችው። ያን ጊዜ ወደ ላይ ቢወጣ ኖሮ በቃ፣ በሰላም ነበር። እሱ ግን በአንድ ክንፉ ተጋድሞ ወደ ቤቱ ዞረ። የታችኛው ክንፍ መሬቱን ነካ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲግሪድ በድምፅ እንጂ በዓይኗ አላስታወሰችውም፤ ራሷን ያገኘችው ድንቿ መሃል፣ ከወደቀው አውሮፕላን አጠገብ ተንበርክካ ነው። ኔቪል ነበር። እሳት አልተነሳም። ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችው፣ ሐኪም ሳይደርስም እዚያው አረፈ።

ሬሳው ገና ሳይበርድ አጥሩ ጥግ መኪና በመኪና ሆነ። አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ያሳያሉ። ሻይ በፔርሙዝ ይዞ የመጣም ነበር፣ እንደ ሽርሽር! ጎረምሶቹ አጥሩን ዘለው ከአውሮፕላኑ መስኮት የተሰበረውን ብርጭቆ መሳይ ነገር ይለቅማሉ፤ እሱን ሞርደው ለፍቅረኛ ቀለበት መሥራት የዚያን ሰሞን ፋሽን ነበር። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በትሕትና፣ ከአውሮፕላኑ ከተሰባበረው የፊት መዘውር ትንሽ ቁራጭ ብወስድ ይከፋሻል ወይ አላት፤ ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ነው። ሲግሪድ ሬሳውን ከማሠልጠኛው ለደረሱት ወታደሮች አስረክባ ብድግ አለችና መንሿን አነሳች።

"ቱ! እናንተም ሰው ተብላችሁ!" አለች፣ ሽማግሌውንም ጎረምሳውንም አጥሩን አስዘለለቻቸው።

ለምርመራ አንድ ሻምበል ከማሠልጠኛው መጣ። የት ተቀመጠ? የቬልማ ሳሎን፣ ፊቱ ፓይ ተቆርሶለት። ሴቶቹ ተራ በተራ መሰከሩ። ሞተሩ ሲያስለው ሰምተናል፣ ምስኪን ማረፊያ ሲፈልግ ነው አሉ። ቬልማ ዓይኗን እየጠረገች ጣሪያ ላይ የወጣሁት የተሰጣ ላወርድ ነው አለች። የሲግሪድ ደም ፈላ።

"ውሸት ነው፣ ጌታዬ። ሞተሩ ደህና ነበር። ልጁን በግ ብለው ሰድበው የጠሩት እነሱ ናቸው። ይሄን ነገር ካላስቆማችሁት ነገም ሌላ ልጅ ይሞታል።"

ሻምበሉ ጢሙን በመሐረብ ጠረገ። የሞተር ብልሽት አለመኖሩን እሱም ያውቃል። ትእዛዝ የጣሰው አብራሪው ነው፣ ወይዛዝርት በገዛ ጣሪያቸው ላይ የሚያደርጉት ነገር ጦሩን አይመለከትም አላት። ጥፋቱ በሙሉ የኔቪል ሆነና ሻምበሉ ሁለተኛውን ቁራሽ ፓይ በላ። ከዚያ ያለውን ጉድ ስሙ፤ የሟቹን ስም ያጠፋችው ሲግሪድ ናት ተባለ! እኛ ሸፍነንለት ነበር፣ እሷ አጋለጠችው እያሉ አሟት። በግ ያሉት እነሱ፣ አዛኞቹም እነሱ።

እሁድ ደረሰ። አጥሯ ጋ ቆማ ሳለች አዲስ የመጡ ልጆች፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ ፀጉራቸውን በውሃ አስተኝተው ወደ ቬልማ ቤት ሲገቡ አየች። ከሁሉ ኋላ የሚሄደው ፊቱ ጠቃጠቆ የሞላበት ልጅ ነው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል። ሲግሪድ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ሳታንኳኳ ገባች። ጥብሱ ቀርቦ መበላት ጀምሯል። ቬልማ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

ሲግሪድ ወንበር አልጠበቀችም። ባለፈው በዚህ ቤት ላይ ዝቅ ብሎ ያለፈውን ልጅ ከድንቼ መሃል ያነሳሁት እኔ ነኝ አለቻቸው። ከዚያ እግሩ በየት በኩል እንደተቆረጠ፣ ጥርሱ የት እንደተገኘ፣ ከሽርጧ ላይ ያልለቀቀው ምን እንደሆነ፣ ምንም ሳታሳምር ነገረቻቸው።

"ሰው እየበላ ነው እኮ! አያስጠላሽም?" አለች ቬልማ።

"ያስጠላል። ለዚህ ነው የመጣሁት።"

ባለጠቃጠቆው ልጅ ሹካውን እንደያዘ ቀርቷል። ክሊቭ ይባላል። ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት።

"እማማ፣ ሲደርሱ ነፍሱ ነበረች? የተናገረው ነገር አለ?"

ሲግሪድ ይህን ለማንም ልትናገር አላሰበችም። የልጁን ዓይን ስታይ ግን መዋሸት አቃታት።

"'አዩኝ?' አለኝ" አለች። "በዚያ ሁኔታው 'አዩኝ ወይ?' ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ የኔ ልጅ፣ አይተውሃል አልኩት። ደስ አለው። ከዚያ ሞተ።"

የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ቬልማ ናት። በሉ ብሉ ልጆቼ፣ ሥጋው ቀዘቀዘ አለች። ክሊቭ ሹካውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ፣ እናቱ እንዳስተማረችው ስለ ምግቡ አመስግኖ ባርኔጣውን አነሳ። የቀሩትም አንድ በአንድ ተነሡ። ቬልማ ጭልፋዋን ይዛ እስከ በሩ ተከተለቻቸውና ባዶ ወንበሮቿ መሃል ተመልሳ ቆመች።

"ገበታዬን አረከስሽብኝ" አለች እንባዋ እየመጣ።

"እሰይ" ብላ ሲግሪድ ወጣች፣ በሩንም አልዘጋችው።

በዚያ ሳምንት ቢጫዎቹ አውሮፕላኖች በብራንስተን ላይ ከፍ ብለው አለፉ። ቬልማ ሞተር በሰማች ቁጥር ጣሪያዋ ላይ እየወጣች ስታንጋጥጥ ሰነበተች፤ ዞር ብሎ ያያት አልነበረም።