የአሮጊቷ ፒካፕ ጉልበት

መርካቶ ውስጥ የተበላሸ መኪና እየጎተትኩ ነው የምኖረው። ፒካፔ የናፍጣ ናት፤ ከእኔ ጋር አርጅታለች። ጠዋት ጠዋት ዘይቷን አያለሁ፣ ፊልትሮዋ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ አፈሳለሁ፣ አማትቤ አስነሳታለሁ። አንድም ቀን መንገድ ላይ አላስቀረችኝም።

ባለፈው እህል በረንዳ አንድ ጎረምሳ ነጋዴ አዲስ መኪናው ቆሞበት አስጠራኝ። ፒካፔን ሲያይ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይቺን ለቁራሌው አይሸጧትም? ደግሞ ልትጎትት!»

«በእግዚአብሔር ኃይል ትጎትታለች። ብቻ ገመዱን ከሥር ሻንሲው ላይ ልሰረው።»

«በዚህ ቅባት እጅዎ መኪናዬን እንዳይነኩብኝ!» አለና ራሱ ባምፐሩ ላይ አሰረው።

«ኧረ ልጄ፣ እሱ አይችልም።»

«የማትችለውስ የእርስዎዋ ናት!» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ነደደኝ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ «ራጉኤል፣ አታሳፍረኝ» አልኩና ነዳጅ ሰጠኋት። መጀመሪያ ከበዳት፤ ከዚያ ድንገት ቅልል አላት። ሰው ሁሉ ጮኸ፣ ወዛደሮቹ እጃቸውን አወዛወዙ። ጉድ አሰኘኋቸው ብዬ፣ ፈጣሪዬን እያመሰገንኩ ራጉኤል በር ድረስ ነዳሁ።

ወርጄ ዞር ስል ገመዱ ጫፍ ላይ ባምፐሩ ከነታርጋው አለ። መኪናው የለም።