ቀለም የተቀባው ቧንቧ

ለአክስቴ ባል ቀለም ነፍሱ ነው። ጥምቀት በደረሰ ቁጥር አዘዞ ያለው ቤቱ በሩ፣ መስኮቱ፣ የውሃ በርሜሉ ሳይቀር አረንጓዴ ይቀባል። መብራት ሲያስገባም የብሬከሩን የብረት ሳጥንና ከሳጥኑ ወጥቶ ሽቦ ይዞ በግድግዳው የሚሄደውን የብረት ቧንቧ አስቀድሞ ቀባቸው፤ የቀጠረው ሰውም ሁለቱን የሚያያይዘውን ዳዶ ቀለሙ ላይ አጥብቆ ሄደ። እንግዳ ሲመጣ ከሳሎኑ በፊት የሚያስጎበኘው ያንን ሳጥን ነበር።

እኔ የመብራት ሠራተኛ ነኝ። ገና እንዳየሁት፣ "አያ፣ ዳዶው የሚያርፍበት ቀለም ይፋቅ፤ ቧንቧውም ከሳጥኑና ከመሬት ሽቦው ጋር ይታሰር" አልኩት።

"ምነው? ይሄ ሸጋ ቀለም ምን በደለህ?" ብሎ ሳቀብኝ።

አክስቴ የልብስ ማስጫ ሽቦዋን ያሰረችው ከዚያው ቧንቧ ጋር ነው። ክረምቱ እንዳለፈ እርጥብ ልብስ ስታሰጣ ክንዷን ይነዝራት ጀመር። ሊቁ ባሏ ወዲያው ፈረደ፤ መንፈስ ነው አለ። ጠበል ወሰዳት። እዚያ ሰነበተችና ተሻላት፤ ጠበል ቦታ እሱ የቀባው ቧንቧ የለማ። ቤቷ ተመልሳ የመጀመሪያውን አንሶላ ስትሰቅል ግን መሬት ላይ ጣላት። ለጎረቤት ሁሉ፣ ጾም ስላፈረሰች ነው ብሎ አወራባት።

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። መሣሪያዬን ይዤ ሄድኩና ቴስተሬን ቧንቧው ላይ ባስነካው በራ። ቧንቧው ውስጥ የተላጠ ሽቦ አለ ማለት ነው። ብረት ከብረት ተነካክቶ ቢሆን ኖሮ ኃይሉ በሳጥኑ በኩል ወደ መሬት ሽቦው ሄዶ ብሬከሩ መብራቱን በቆረጠው ነበር። ቀለሙ መሃል ገብቶ ስለከለከለው መውረጃ ያገኘው በአክስቴ ክንድ ነው። ይህንኑ ነገርኩት።

"ቧንቧው ምንም የለበትም" አለኝ። "ጉዱ እሷ ላይ ነው።"

አክስቴ ከሳፋው እርጥብ ጋቢ አንስታ ዘረጋችለት።

"እንግዲያው አንተ አስጣው።"

አልተቀበላትም። ፀሐይ ግቢውን አድርቆታል፤ እሱ ግን በሩ ሥር ተቀምጦ ኤሌክትሪክ የማያሳልፈውን የላስቲክ ቦት ጫማውን ማጥለቅ ያዘ። ያን ቀን እሱን የናቅሁትን ያህል ሰው ንቄ አላውቅም።

አክስቴ መጀመሪያ ቦቱን፣ ቀጥላ የራሷን ባዶ እግር አየች። መብራቱን አጥፍቼ መፋቂያዬን ሳወጣ ከእጄ ወሰደችና ቀለሙን ራሷ መፋቅ ጀመረች።