የሦስተኛው ቀን ምስክርነት

አለሙ ላምቤቦ ሲጋራ ባቆመ በሦስተኛው ቀን አንድ ሞኝነት ሠራ፤ ተነሥቶ መሰከረ።

ሰው ሲጋራ ባቆመ በሦስተኛው ቀን ምንም መናገር የለበትም። ውሃውን እየጠጣ፣ ከሰው እየተጣላ፣ ጥግ ይዞ መቀመጥ ነው ያለበት። አለሙ ግን እሑድ ጠዋት ሰበታ፣ ከሚሠራበት ብሎኬት ማምረቻ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ አዳራሽ፣ መጨረሻው አግዳሚ ላይ እግሩ እየተርገደገደ ተቀምጦ ሳለ፣ ወንጌላዊ ዮፍታሔ «ጌታ በዚህ ሳምንት የሠራለት ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። አለሙ እጁን አወጣ። ሊል ያሰበው ይህን ብቻ ነበር፤ «ከአርብ ጀምሮ አላጨስኩም፤ በጣም ከብዶኛል፤ ጸልዩልኝ።» እውነት ነበር፤ ቢለው ኖሮም ማንም አይጎዳም ነበር።

«ከአርብ ጀምሮ አላጨስኩም» እንዳለ ግን አዳራሹ በእልልታና በሃሌ ሉያ ተናጋ። እናቶች አለቀሱ። ሃያ ዓመት ሙሉ በእሱ ምክንያት እንዲህ የተደሰተ ሰው አይቶ አያውቅም። ወንጌላዊው ማይኩን አፉ ላይ ደቅኖ «አምሮቱስ? አምሮቱስ ወንድም አለሙ?» አለው።

«አምሮቱንም ነቅሎ ጥሎታል!» አለ አለሙ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። ይህን ሲል ምላሱ ደርቆ ላንቃው ላይ ተጣብቋል፤ በሐሳቡ ደግሞ በሩን አልፎ፣ ከማዶ ካለው ሱቅ አንድ ፍሬ ገዝቶ፣ ለኩሶ ሁለቴ ስቧታል።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። አለሙ ከሆሳዕና የወጣው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ሱሉልታ አሸዋ ጭኗል፣ ቡራዩ ድንጋይ ፈልጧል፣ ኋላ ሰበታ ብሎኬት ማምረቻ ገብቶ ረጋ። ማጨስ ያስተማረው ረኃብ ነው። ቁርስ ለሌለው ጎረምሳ ሻይና አንድ ፍሬ ሲጋራ እስከ ምሳ ያደርሱታል፤ ምሳም ከሌለ ሁለተኛዋ ፍሬ እስከ ማታ። ቀስ በቀስ እንጀራው ተገኘ፣ ትዳሩም መጣ፤ ሲጋራው ግን እንግድነቱን ረስቶ ባለቤት ሆኖ ቀረ። በጴንጤ መንደር ደግሞ አጫሽ ከሌባ አይሻልም። ተደብቆ ያጨሳል፣ ጤና አዳም ያኝካል፣ ሲዘምር አፉን በመዳፉ ይከልላል። አለሙም ተደርሶበት ከጌታ እራት ከታገደ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ይህን ሁሉ ችሎታል። ያልቻለው የአቤኒን ደረት ነው።

አቤኒ የአምስት ዓመት ልጁ ናት፤ አስም አለባት። ባለፈው ክረምት ከንፈሯ ጠቁሮ ሆስፒታል በገባች ጊዜ ዶክተሯ ለአለሙና ለሚስቱ ለጥሩዬ ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። በዚህች ልጅ ቤት የሚያጨስ ሰው ካለ፣ ውጭ አጭሶ ሽታውን በልብሱ ይዞ የሚገባም ቢሆን፣ ልጅቷን እየጎዳት ነው አለች። አለሙ እዚያው ማለ። በሦስተኛው ሳምንት ጥሩዬ ከግቢው ሽንት ቤት ጭሱን እየበተነ ሲወጣ ያዘችው። አልጮኸችም። ልብሷን ቋጥራ፣ ልጇን አዝላ፣ ቡራዩ እህቷ ማርቲ ዘንድ ሄደች።

«ስትተወው ጥራኝ» አለችው ከበሩ ላይ። «ልተው ነው ስትል አይደለም፤ ስትተወው።»

አለሙ ባዶ ቤት ውስጥ ሰባት ሳምንት አጨሰ። በስምንተኛው ሳምንት አርብ ቀን ፓኮውን ከነላይተሩ ሽንት ቤት ወረወረና አቆመ። እንግዲህ በሦስተኛው ቀን የመሰከረው ይህ ሰው ነው። ወንጌላዊ ዮፍታሔም ምን ያድርግ፣ ደስ ብሎት፣ ጉባኤው እንደተበተነ ለጥሩዬ ደወለላት።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ አለሙ ከሥራ ሲገባ ቤቱ ተጠርጎ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ ጥሩዬ ሽንኩርት እየከተፈች አገኛት። አቤኒ ሮጣ ጉልበቱ ላይ ተጠመጠመች። አለሙ አለቀሰ። ልጁን አቅፎ፣ ፀጉሯን እያሸተተ፣ ከእንግዲህ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላጨስም አለ በልቡ። ከልቡ ነው ያለው። ይህ ደስታ አሥር ደቂቃ ያህል ቆየለት።

ከዚያ አቤኒ የድስት ክዳን በማንኪያ መቀጥቀጥ ጀመረች። ልጅ ነች፤ ከሰባት ሳምንት በኋላ ቤቷ ገብታ ትጫወታለች። አለሙ ግን እያንዳንዱ ቅጥቀጣ አናቱ ላይ አረፈበት። «ተይ አልኩሽ!» ብሎ ሲጮህ ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። ልጅቷ ማንኪያውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች።

«አሞሃል እንዴ?» አለችው ጥሩዬ።

«ደክሞኝ ነው።»

ጥሩዬ እጁን አየች፤ ፊቱን አየች። «እሺ» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ሐራራ የሚሉት ነገር ክፉ ነው። ያልያዘው ሰው ምኞት ይመስለዋል፤ የራበው ሰው ምግብ ሲያምረው ዓይነት። አይደለም። ሐራራ ሰውን ከራሱ ቤት ያባርረዋል። የአለሙ ምላስ ቆሰለ፣ ሆዱ ደረቀ፣ እንቅልፍ እንቢ አለው። ይባስ ብሎ ሲያጨስ ያልነበረ ሳል አሁን መጣና ጥቁር አክታ ያስተፋው ጀመር። ተረከዙ ወለሉን ሲመታ ያድራል። እጁ የሚይዘው ነገር አጥቶ ኪሱ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል።

ያልመሰከረ ሰው ቢሆን ይህን ለሚስቱ ይነግራት ነበር። ሁለት ሳምንት ታገሺኝ፣ ብቆጣም አትቀየሚኝ፣ ቆሎ ቁይልኝ፣ አጠገቤ ሁኚ ይላታል። የመሰከረ ሰው ግን እንኳን ሐራራ ራስ ምታትም የለውም። አምሮቱ ተነቅሏላ! እህቶች መንገድ ላይ ሲያገኙት «ጀግናው!» ይሉታል፤ እሱም ጥርሱን ገጥሞ «ጌታ ይክበር» ይላል። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስበው። ጥሩዬ የመጣችው በዚያ ምስክርነት ነው፤ ሐሰት መሆኑን ያወቀች ቀን ልጁን ይዛ ትሄዳለች።

ሐሙስ ዕለት ማሽኑ እንዲበርድ ሲቆም ሠራተኛው ሁሉ እንደ ልማዱ ከአጥሩ ሥር ሄዶ ለኮሰ። አለሙ ብቻውን ብሎኬት ያነሣል። አንዱ ከእጁ አምልጦ ከኦቦ ጂሬኛ ጫማ አጠገብ ተፈረከሰ። ኦቦ ጂሬኛ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ሽማግሌ ናቸው።

«ያ አለሙ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንክ?» አሉት። «እግሬን ልትቆርጠው ነው?»

«ይቅርታ ኦቦ። እጄን ከዳኝ።»

ሽማግሌው ጠጋ ብለው ዓይኑን አዩት። «ሐራራ ነው። እኔን አታታልለኝም፤ እኔ ሠላሳ ዓመት አጭሼ ነው የተውኩት። እንዴት እንደተውኩ ታውቃለህ? ሚስቴን ጠርቼ፣ ልጆቼን ጠርቼ፣ ለአንድ ወር አባታችሁ እብድ ነው አልኳቸው። እብድን ሰው ይታገሠዋል። አንተ ግን ድኛለሁ ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«በሦስት ቀን? ኧረ ዋቃ!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሂድና ለሚስትህ ንገራት።»

«ብነግራት ትሄዳለች እኮ ኦቦ። ልጄን ይዛብኝ ትሄዳለች። አንቱ አታውቋትም።»

«ባትነግራት ትወድቃለህ» አሉና ወደ ማሽናቸው ተመለሱ።

የሽማግሌ ቃል መሬት አይወድቅም፤ አለሙ በማግስቱ ወደቀ። አርብ፣ በስምንተኛው ቀን፣ ሲሚንቶ የጫነ መኪና መጣና ካራገፉ በኋላ ሾፌሩ ሲጋራ ለኩሶ ሁለቴ ሳበና ስልክ ሲደወልለት «ያዝልኝ» ብሎ ለአለሙ ሰጠው። ያዝልኝ ነው ያለው፤ ይኸው ነው። አለሙ ሲጋራዋን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ጭሱ ፊቱ ላይ ሲወጣ እያየ፣ ሦስት እስትንፋስ ያህል ታገሠ። ከዚያ አጨሳት፤ እስከ ጥጧ። ራሱ ዞረ፣ ከስምንት ቀን በኋላ ዓለም ጸጥ አለለት። ወዲያው ደግሞ ከመኪናው ጎማ ሥር ቁጢጥ ብሎ አፉን በእጁ ይዞ አለቀሰ። ሾፌሩ ሰውዬው ምን ሆነ ብሎ ግራ ገባው።

ጤና አዳም አኘከ። በማምረቻው ቧንቧ እጁን፣ ፊቱን፣ አንገቱን በኦሞ ታጠበ። ኮቱን አራገፈ፣ መልሶ ለበሰ፤ የጥቅምት ብርድ ነው፣ ሌላ ኮት የለውም። ቤት ሲገባ አቤኒ እንደ ወትሮዋ ጉልበቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ሊያስለቅቃት ፈልጎ ምን ብሎ ያስለቅቃት?

ራት ሳይቀርብ ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። ከብርዱ ይሁን፣ ከሲሚንቶው አቧራ ይሁን፣ ከኮቱ ይሁን እግዜር ይወቀው፤ አለሙ ግን ከኮቱ እንደሆነ አልተጠራጠረም። ጥሩዬ የሚነፋውን የአስም መድኃኒቷን በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ሰክታ የልጅቷን አፍና አፍንጫ በሃይላንዱ ሸፈነች። አንድ ነፋች፤ «ሳቢ እናቴ፣ ሳቢ» አለቻት። ሁለት ነፋች። የአቤኒ የጎድን አጥንቶች በከነቴራዋ ሥር ሲገቡና ሲወጡ ይታያሉ። አለሙ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ከማየት በቀር የሚያደርገው ነገር አልነበረም። እያፏጨችም ቢሆን ልጅቷ ተኛች። ጥሩዬ አንድ ቃል አልወጣትም። እሱም ዝም ያለችው ስላላወቀች መሰለው።

እሑድ ወንጌላዊ ዮፍታሔ ቤተሰቡን ሁሉ ፊት አወጣቸው። «ሰይጣን ያፈረሰውን ሳይሆን ጌታ የጠገነውን ቤት እዩ!» አለ፤ ሕዝቡ ሃሌ ሉያ አለ። ማይኩን ለአለሙ ሰጠው። በግራው ጥሩዬ፣ በመሀል አቤኒ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የአለሙ ውሸት ግን በሳምንቱ ከብዶት አገኘው። አፉን ከፈተ። ከእጁ በታች የአቤኒ ደረት ሲያፏጭ ይሰማዋል፤ ከአርብ ወዲህ አልተዋትም።

«አልተነቀለም» አለ።

ማይኩ ጮኸ፤ ሰው አልገባውም።

«አምሮቱ አልተነቀለም። አንድ ቀንም አልተነቀለም። ዋሽቼ ነው። አርብ ደግሞ አጭሻለሁ።»

ሃሌ ሉያ የሚል ጠፋ። ከኋላ አንዲት እናት «ኢየሱስ!» አሉ በሹክሹክታ። ወንጌላዊው ማይኩን ቀስ ብሎ ተቀበለና «እንጸልይ» አለ፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ፤ ላለማየት የጨፈነም ሳይኖር አይቀርም። አለሙ በተጨፈኑት ሰዎች መሀል ልጁን ይዞ ወጣ። ጥሩዬ ከኋላው መጣች።

ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት ጀመሩ። አለሙ ፍርዱን እየጠበቀ ነበር። መጠበቁ ሲያቅተው ራሱ ጠየቀ።

«ትሄጃለሽ?»

«ወዴት?»

«ቡራዩ። እህትሽ ጋ።»

ጥሩዬ ቆመች። «ማርቲ ያለፈው ሰኞ ነው ያስወጣችን» አለች፤ ድምፅዋ አልተለወጠም። «ልጅቷ ሌሊት ስታስል ባሏ እንቅልፍ አጣሁ አለ። ወንጌላዊው ባይደውልም ማክሰኞ እዚሁ ነበርኩ።»

«እኔ እኮ በምስክርነቱ የመጣሽ...»

«ምስክርነቱን መቼ አመንኩት? ማክሰኞ እጅህ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አርብ በኦሞ ታጥበህ ስትገባም አውቄያለሁ። የብሎኬት ሠራተኛ ታጥቦ ገብቶ ያውቃል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«የምሄድበት ቢኖረኝ ዝም እልህ ነበር?»

አለሙ ከማክሰኞ ጀምሮ ትሄድብኛለች ብሎ ሲፈራ ነበር። አሁን መሄጃ እንደሌላት ሲያውቅ ከመሄዷ ባሰበት። ብትሄድ ልጅቷ ቢያንስ ከእሱ ትርቅ ነበር። ከእንግዲህ የአቤኒ አየር እሱ የሚገባበትና የሚወጣበት የአንድ ክፍል አየር ብቻ ነው፤ በእሱ እጅ ነው፤ እጁን ደግሞ አርብ አይቶታል።

«አባዬ፣ እዘለኝ» አለች አቤኒ። ዳገቱ አድክሟታል።

ሊያዝላት ጎንበስ ሲል ጥሩዬ «ኮቱን አውልቅ» አለችው። አወለቀ። ከሰውነቷ አርቃ በሁለት ጣቷ ያዘችው። ብርዱ በሸሚዙ ዘልቆ ገባ። ልጁን አዘለና ዳገቱን ያዘ። አቤኒ አገጯን ትከሻው ላይ አስደገፈች። ትንፋሿ ጆሮው ሥር እያፏጨ፣ አለሙን ሲጋራ አማረው።