ዱቄት የነካቸው እጆች

ልጅ እያለሁ፣ ጄኔቫ ውስጥ ሌ ሊኞን የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ኮሪደራችን ሁልጊዜ የእትዬ ፔማ ዝንጅብልና ሽንኩርት ይሸት ነበር። እትዬ ፔማ ከቲቤት ተሰደው የመጡ የፊት ለፊት ጎረቤታችን ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አዛውንቶቹን ሲያጥቡና ሲያነሱ ይውላሉ፤ ቅዳሜ ደግሞ በማኅበራቸው አዳራሽ የቲቤት ልጆችን ፊደል ያስቆጥራሉ። አይ እኔ፣ ከልጃቸው ከዶልማ ላለመለየት ብዬ ከቆጣሪዎቹ ጋር እቀመጥ ነበር። እማዬ «የራስሽን ሀ ሁ ሳትጨርሺ!» ትለኛለች፤ ግን አትከለክለኝም።

አንድ ቀን ዶልማ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። የማኅበሩ ሰብሳቢዎች የቅዳሜውን ትምህርት ሊዘጉት ነው። ልጆቹ እንደሆኑ ፈረንሳይኛ ነው የሚያወሩት፣ ምን ይጠቅማቸዋል ብለዋል አሉ። እሑድ በእጅ ማውጣት ይወሰናል። እትዬ ፔማ ይህን ሰምተውም ሊጣቸውን ማሸት ቀጠሉ። እኔ ግን በጣም ፈራሁላቸው።

በማኅበራቸው ደንብ ወንዱም ሴቱም እኩል ድምፅ አለው። ችግሩ ስብሰባ በተባለ ቁጥር ሴቶቹ ኩሽና ገብተው ሞሞ ይሠራሉ፤ ሥጋ ተጠቅልሎበት በእንፋሎት የሚበስል ሊጥ ነው። ትሪ ይዘው ሲገቡ ነገሩ ተቆርጦ አልቋል። ማንም ተንኮል አስቦ አይደለም፤ ሁሉም ለምዶት ነው።

የዚያን እሑድ እማዬና እኔም ልናግዝ ሄደን ነበር። ከአዳራሹ የሰብሳቢው ድምፅ ሲሰማ ዶልማ «ሊቆጥሩ ነው» አለችኝ። እትዬ ፔማ ምድጃውን አጠፉት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው አንድ ነገር ተናገሩና ቀድመው ወጡ። ዶልማ በጆሮዬ «ዛሬ እኛን ሳይቆጥሩ አይበሉም ነው ያለችው» አለችኝ። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ሳቀች። ከዚያ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ተከተሏቸው።

ሰብሳቢው ግራ ተጋብተው ምሳ ደርሶ እንደሆነ ጠየቁ። እትዬ ፔማ ምሳው እንደሚቆይ፣ መጀመሪያ የልጆቹ ጉዳይ እንደሆነ ነገሯቸው። ትምህርቱ ይቀጥል የሚል እጁን ያውጣ ሲባል፣ ዱቄት የነካቸው እጆች ከኋላ ተነሱ። ሰብሳቢው ሁለቴ ቆጠሩ፤ ያው ነው። ትምህርቱ ቀጠለ። እኔና ዶልማ ተቃቅፈን አለቀስን። በሚቀጥለው ምርጫ እትዬ ፔማ ራሳቸው ሊቀመንበር ሆኑ።

ማታ አውቶብስ ውስጥ እማዬ «እኔም እኮ በእኛ በኢትዮጵያውያኑ ማኅበር ስንት ዓመት ትሪ ይዤ ነው የገባሁት» አለች።

ዛሬ እትዬ ፔማ ጡረታ ወጥተዋል፤ ቅዳሜን ዶልማ ተረክባለች። ያ የዝንጅብል ሽታ ይናፍቀኛል። እኔ ዙሪክ አግብቼ ወልጃለሁ፤ ባለፈው እሑድ የእኛው ማኅበር ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር። ከአዳራሹ የልጆቹ የአማርኛ ክፍል ይዘጋ አይዘጋ እየተባለ ክርክሩ ይሰማል። «እንግዲህ ወደ ድምፅ እንለፍ» ሲባል ሰማሁ።

ምድጃውን አጠፋሁት። ልጄ ቀና ብላ «እማ፣ ምሳውስ?» አለችኝ።

«ይቆያል» አልኳት። ሴቶቹን ጠርቼ፣ እሷን በሽንኩርት እጄ ይዤ አዳራሹ ገባሁ።