እስከ እሁድ ታገሠኝ

የልጅ ልጄ ሻይ ውስጥ ቅርንፉድ ስትጨምር ፊቴን አዞራለሁ። «ምነው አባባ፣ አትወደውም?» ትለኛለች። ሽታው አይጠላም፤ እኔን ግን ይዞኝ ጎንደር ይገባል፣ ጤና ኮሌጁ ክሊኒክ፤ የቅርንፉድ ዘይትና የአልኮል ሽታ፣ በመስኮቱ የሚገባ የጠዋት ፀሐይ፣ ትሪ ላይ የሚንቃጨል ጉጠት።

ያኔ ከክፍላችን አንደኛ የወጣ ተማሪ ለጥርስ ሐኪምነት ውጭ አገር ይላካል ተብሎ ነበር። እኔም በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ ከረምኩ። ከቄራ በለመንኩት የበግ መንጋጋ የጥርስ ነቀላ ስለማመድ ጓደኞቼ «የበጎች ሐኪም» አሉኝ። ድካሙ አጥንቴ ድረስ ዘልቆ ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ፈተናው አርብ ሊሆን፣ ሐሙስ ጠዋት አባቴ ከአገራችን ከኮሶዬ በጭነት ማኪና ክሊኒኩ ድረስ መጣ። የደብራችን ቄስ ነበር። ያበጠ ጉንጩን በነጠላው ሸፍኖታል። አፉን ከፍቼ ሳይ የታች መንጋጋ ጥርሱ በስብሷል፤ እብጠቱም ወደ አንገቱ መውረድ ጀምሯል።

«አባዬ፣ ዛሬውኑ መነቀል አለበት።»

«እሁድ ቀዳሹ እኔ ነኝ፤ ሌላው ቄስ ታሟል። የሚደማ ቁስል ይዤ መቅደስ አልገባም። እስከ እሁድ ታገሠኝ ልጄ፤ ሰኞ ራሴ እመጣልሃለሁ።»

መምህሬን ጠርቼ አባቴን ልከራከረው ይገባኝ ነበር። ግን ደክሞኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ወደ መጽሐፌ ልመለስ በመሆኑ ደስም ብሎኛል። ጥጥ በቅርንፉድ ዘይት ነክሬ ጥርሱ ላይ አኖርኩለት። ሕመሙ ጋብ አለለት።

«ሸጋ ነው! እጅህ ይባረክ» ብሎ መስቀሉን አሳለመኝና ሄደ።

በማግስቱ ፈተናው ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፦ የታች መንጋጋ ጥርስ ታሞ እብጠቱ ወደ አንገት ቢወርድ ምን ይደረጋል? «ሳይውል ሳያድር ይነቀላል፤ አለዚያ ጉሮሮ ይዘጋል» ብዬ ጻፍኩ። ሰኞ ይመጣል አልኩ ለራሴ።

ሰኞ የመጣው አጎቴ ነበር። አባቴ ቅዳሴውን ፈጽሞ፣ ማታውኑ ጉሮሮው ተዘግቶ አረፈ።

ከቀብር ስመለስ የፈተና ወረቀቴ ደረሰኝ። ከዚያ ጥያቄ ጎን መምህሬ በቀይ ቀለም «በጣም ጥሩ» ብሎበታል። አንደኛ ወጣሁ፤ ሐኪምም ሆንኩ። ጉንጩ ያበጠ ሰው «እስከ ነገ» ሲለኝ በሩን ቆልፌ እነቅል ነበር። «ይህን ሰውዬ ምን ያጣድፈዋል?» ብለው ያሙኝ ነበር።

ሻዩን እጠጣላታለሁ፤ ልጅቷ ምን አጠፋች። «እጅሽ ይባረክ» ማለት ግን እስከ ዛሬ ከአፌ አይወጣም።