የእህቴን ልጅ ዕድሜ የቀነስኩ ቀን

«ጋሼ፣ ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከአሥራ ስምንት በታች መቅጠር አንችልም» አለኝ የፋብሪካው ቅጥር ኃላፊ ዛሬ ጠዋት፣ የእህቴን ልጅ ዲጂታል መታወቂያ በስልኩ አንብቦ።

ትግስት ግን በእውነት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፈተናውን አልፋለች፤ የቀረው ይህ ማጣሪያ ብቻ ነበር።

«ፊቷን እያት እንጂ!» አልኩት።

«እኔማ አያታለሁ ጋሼ፤ ስልኩ ነው የማያያት።»

ጥፋቱ ግን የስልኩ አይደለም። መታወቂያውን ስታወጣ አብሬያት ሄጄ፣ «ባል ጠያቂ እንዳይበዛብን ሦስት ዓመት ቀንስላት» ብዬ መዝጋቢውን አሳቅሁት። ሳቀ፤ እንዳልኩትም ጻፈ። (የራሴንም አምስት አስቀንሻለሁ።)

በባጃጅ ወደ ሰፈራችን ታቦር ተመለስን። ስንወርድ፣ «አጎቴ፣ አሁን ማን ያምነኛል?» አለችኝ። መቀለድ አቃተኝ።

እንደ እኔ ዕድሜ በቀልድ ያስጻፋችሁ፣ እንዴት አሳረማችሁ? ቦታዋን የሚጠብቁላት እስከ ሰኞ ብቻ ነው።